ዘፈኑ እንዳይቋረጥ

አጫዋቹ ሰጠኝ ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። አቧራ አልነበረበትም። ገልብጦ ሌላውን ገጽ ጠረገ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ክሩን አየ፤ ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው ከትቶ ትንሽ አጠነጠነ፤ ደግሞ ጠረገው። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ የሁለት ሰዎች ትንፋሽ ይሰማል። አንዱ ሲገርፍ የደከመው ሰውዬ ነው። ሌላው የሚገረፈው ጓደኛው ቸሩ ነው።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለ መርማሪው ጓድ ፀሐዩ ከማዶ።

«ክሩ ተጠምጥሞብኝ ነው ጓድ። አንድ ጊዜ።»

«ቶሎ በል።»

ሰጠኝ ቶሎ አላለም። የኪነት ቡድኑ የድምፅ ማጉያ ሠራተኛ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ በጨለማ የሚቀጥል፣ የተቃጠለ ማሽን አሽትቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው። ካሴት መገልበጥ ግን ሰሞኑን እንደ ዐቢይ ጾም ቅዳሴ ያስረዝመዋል። በዚህ ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ ዘፈን በሌለበት አይገረፍም። አንዱ ገጽ አልቆ ሌላው እስኪነሣ ድረስ ቺንጋው፣ ከጭነት መኪና ሞተር የወጣው ያ የጎማ ቀበቶ፣ ያርፋል። ሰጠኝ ለታሳሪ ሊሰጥ የሚችለው ይህችን ዕረፍት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ካሴቱን ከቶ ተጫነው። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉት አራት የድምፅ ማጉያ ጡሩንባዎች በአንድ ላይ ጮኹ። አኮርዲዮኑ፣ መለከቱ፣ ታጥቀን እንነሣ የሚለው የወጣቶች ድምፅ በመተማ የቅዳሜ ገበያ ላይ ተደፋ፤ በማሽላ ነጋዴው፣ በሰሊጡ ጆንያ፣ ከሱዳን በተሻገረው ሳሙናና ሻይ ቅጠል ላይ። ቺንጋው ሰው ላይ ሲያርፍ አይሰማም። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ግን ሰጠኝ ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ የማዶው ምት በቆርቆሮው መጥቶ ጀርባው ውስጥ ይገባል።

ሕጉን ያወጣው ጓድ ፀሐዩ ነው፤ ያወጣውም ተገዶ ነው። ደርግን የሚወጋው የኢዲዩ ጦር ከመተማ ከተባረረ በኋላ ጸጥታ እንዲያስከብር ከማእከል ተልኮ ሲመጣ ስለ ቆላ ሰው አንድ ነገር አያውቅም ነበር። እዚህ አገር ጩኸት ሰምቶ የሚቀመጥ ወንድ የለም። ከማሳም ይሁን ከበረት፣ «ኡኡ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የሰማ ሁሉ ዱላውን አንሥቶ ይሮጣል፤ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን። የጮኸው ማን እንደሆነና ምን እንዳደረገ የሚጠየቀው ከደረሱ በኋላ ነው። ሰምቶ የቀረ ሰው የሞተ ቀን ቀባሪ አያገኝም። ጓድ ፀሐዩ በመጣ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ አስገረፈ። ሽማግሌው ጮኹ፤ ገበያው እንዳለ ተነሥቶ ደጃፉን ሞላው። ወደ ሰማይ ቢተኮስም አልተመለሰም። ሽማግሌው እስኪለቀቁ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

በማግሥቱ ድምፅ ማጉያው ከኪነት አዳራሹ ተነቅሎ እዚህ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ገባ። ሰጠኝም እንደ ዕቃው አብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን የሞላው ሰው የለም።

ካሴቱ እየዘፈነ ሰጠኝ ለመብራት ሞተሩ ናፍጣ ሊጨምር በጓሮ በር ወጣ። ሙቀቱ ፊቱን ጠበሰው። የቸሩ ሚስት ዙፋን ከእሾህ አጥሩ ማዶ አገልግሏን ታቅፋ ቆማለች። በሩን የሚጠብቀው ማሩ የአርማጭሆ ልጅ ነው። በሁለት ጆሮው ጥጥ ወትፎ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ባላየ ፊቱን አዞረ።

«ወንድምዓለም» አለች ዙፋን፣ «ምግቡን አልቀበል አሉኝ እኮ።»

«ቆይተው ይቀበሉሻል።»

«አለ?»

«አለ።»

«በጆሮህ ሰምተኸዋል?»

ሰጠኝ ጀሪካኑን አዘነበለ። «ደህና ነው ዙፋን። ጥያቄ ብቻ ነው።»

«ለጥያቄ ነው እንዲህ ያለ ዘፈን?» ወደ ገበያው በአገጯ አመለከተች። «እነዚያን ታያቸዋለህ? ሁሉም ያውቃሉ። ዘፈኑ በቀን ከተነሣ ሰው እየተገረፈ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። አጎቱን አያ ማተቤን ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹አልሰማሁም ልጄ። ብሰማማ እሄድ ነበር› አሉኝ።»

«ምን ያድርጉ እሳቸውስ።»

«እኔ በሳቸው አልፈርድም። አንተ ገላግለሃቸዋል። ካልሰሙ ግዴታ የለባቸውም።» ድምፅዋን አላነሣችም፤ ዓይኗን ግን ከሱ ላይ አላነሣችም። «አንተ ግን ትሰማለህ።»

«በቃ ሂጂ እህቴ!» አለ ማሩ፣ ጆሮው ስለተወተፈ ከሚገባው በላይ ጮኾ።

ናፍጣው እጁ ላይ ፈሶበት ወደ ቴፑ ተመለሰ፤ ጀርባውን ለቆርቆሮው ሰጥቶ ተቀመጠ። ጩኸት በተባለ ቁጥር የሚመጣበት አስመራ ነው።

ከአብዮቱ በፊት እሱና ቸሩ ጎረምሶች ሳሉ ሥራ ፍለጋ አስመራ ወጥተው ነበር። ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ውስጥ ተቀጠሩ። ሰጠኝ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ ይሸከማል፤ ቸሩ በወታደሮቹ ክበብ ወጥ ቤት ሳህን ያጥባል። ቸሩ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአዳራሹ በኩል የሰው ጩኸት ሰማ። የወንድ ጩኸት ነው፤ ከሆድ ተነሥቶ ጉሮሮ ላይ የሚሰበር፣ የተወጋ ሰው ጩኸት። ሌሎቹ አጣቢዎች ሳህናቸውን ያጥባሉ።

«ሰው እየታረደ ቆማችሁ ታጥባላችሁ?» ብሎ የሥጋ መፍለጫውን መጥረቢያ አነሣና በሩን በርግዶ ገባ። ኮሪደሩ ላይ አምፖል ይቀይር የነበረው ሰጠኝም ከመሰላሉ ወርዶ ተከተለው። እሱም ሰምቶ ነበርና ምን ያድርግ።

መድረኩ ላይ ግን የታረደ ሰው የለም። አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰርጀንት ዓይኑን ጨፍኖ፣ በላብ ርሶ፣ ጊታሩን እንደታመመ ልጅ ታቅፎ ይጮሃል። ወታደሮቹ ቢራቸውን ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መጥረቢያ የያዘ አበሻ መሀላቸው ሲቆም ጠረጴዛ ተገለበጠ፣ ብርጭቆ ተሰባበረ፤ ሁለት የጦር ፖሊሶች ቸሩን በዱላ ቅንድቡን ተርትረው መሬት ላይ ተጫኑት። ሙዚቃው ቆመ። ሰርጀንቱ ምን ፈልጎ እንደሆነ በአንድ አስተናጋጅ አስጠየቀው።

«ማን ነው የመታው?» አለ ቸሩ ጉንጩ ከወለሉ እንደተጣበቀ። «ሲጮህ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

አስተናጋጁ ሲተረጉም አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰርጀንቱ አልሳቀም። ጊታሩን አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ፤ ፖሊሶቹን ገፋ አድርጎ ቸሩን አነሣው፤ የቅንድቡን ደም በራሱ መሀረብ ጠረገለት። የተናገረውን አስተናጋጁ እየተንተባተበ ተረጎመው። «ዕድሜ ልኬን ስጮህ ሰው ደርሶልኝ አያውቅም፤ የመጀመሪያው አንተ ነህ ይልሃል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለቱ ከመድረኩ ጎን ወንበር ይቀመጥላቸው ጀመር። ሰጠኝ በሕይወቱ ከነዚያ ቅዳሜዎች የተሻለ ነገር አላየም። ለወታደሩ ሊጫወቱ ከአሜሪካ ድረስ የሚመጡ፣ ጸጉራቸውን ትከሻቸው ላይ የለቀቁ የሮክ ልጆች ነበሩ። ከበሮው የሚመታው ደረት ውስጥ ነው፤ ጊታሩ ሲነሣ የቢራው አረፋ ብርጭቆው ላይ ይንቀጠቀጣል። ላቡ፣ የሲጋራው ጭስ፣ የጋለው የማጉያ ሽታ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ሸሚዙን የሚቀድ ወታደር። ሰጠኝ የድምፅ ሥራ የተማረው ከነሱ ጀርባ ተንበርክኮ ነው። ድምፁ ሲተልቅ እሱም የተለቀ ይመስለው ነበር፤ ሽቦ ተሸካሚነቱን ይረሳል። ቸሩ ግን ከሰርጀንቱ ብሉዝ፣ ከዚያ የጥቁሮች እንጉርጉሮ፣ በቀር ሌላውን አይወድም።

«ይኸ ያንተ የጥጋብ ጩኸት ነው» ይለዋል። «የሰውዬው የሰው ነው።»

«ምን እንደሚል ሳታውቅ?»

«ምን ይላል?»

ሰጠኝ አስተናጋጁን ጠይቆ ነበር። «ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ዝናብም ይዘንባል።»

ቸሩ አሰበ። «ለዚህ ብቻማ ከሆነ እኛ አገር ኮኪት ውስጥ እንቅልፍ የሚተኛ አይኖርም ነበር። ሌላ ነገር አለ። ያ አስተናጋጅ ደብቆሃል።»

ሰጠኝ ቴፑ ፊት ተቀምጦ ፈገግ አለ። ቆርቆሮው ጀርባው ላይ ተርገበገበና ፈገግታው እዚያው ደረቀ።

ወዳገራቸው ከተመለሱ በኋላ ቸሩ የኮኪት ሰሊጥ የሚያመላልስ መኪና ሾፌር ሆነ። ባለፈው ወር አሰበች የምትባለው፣ ሳንጃ የምታስተምረው የሰጠኝ እኅት፣ ስሟ ከሚፈለጉት ጋር መጠራቱን ሰማች። ስማቸው የተጠራ ሁለት ባልደረቦቿ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተረሽነው ተገኝተዋል። ሰጠኝ የሚሄድበት ሌላ ሰው አልነበረውም። ቸሩ ሰምቶት ሲጨርስ «ጆንያ መሀል ትተኛለች፤ ሙሽኪላ የለም» አለ፣ ችግር የለም ለማለት፣ እንደ ሱዳኖቹ። ወንዙን ተሻግራ ሱዳን፣ ገላባት ገባች። ከዚያ አንድ ጠቋሚ የቸሩ መኪና ሰው አሳልፋለች አለ። ማንን እንዳሳለፈች አላወቀም።

ሁለት ቀን ሙሉ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን አስጫነህ? መልሱ ከቆርቆሮው ማዶ ተቀምጦ ካሴት ይገለብጣል። ቸሩ ያውቃል፤ ሰጠኝም ቸሩ እንደሚያውቅ ያውቃል። በነዚህ ሁለት ቀናት ሰጠኝ ድምፁን ከታዘዘው በላይ ያስጮኸባቸው ጊዜያት አሉ። ጓድ ፀሐዩን ለማስደሰት አልነበረም። የገዛ ስሙ ሲጠራ መስማት ፈርቶ ነው፤ በዚህም ራሱን ይጸየፈዋል።

በሩ ተከፈተና ጓድ ፀሐዩ በብብቱ ሌላ ቴፕ ይዞ ገባ። መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነው፤ ለማያውቀው የሒሳብ መምህር ይመስላል።

«ክሩ ይጠመጠምብሃል አይደል?» በዘፈኑ ላይ ለመሰማት ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ታስነሣለህ። ዘፈኑ እንዳይቋረጥ።»

«እሺ ጓድ።»

«ቃኘው አብራችሁ ነበራችሁ አሉ።»

«እሱ ሳህን ያጥብ ነበር። እኔ ሽቦ እጎትታለሁ።»

«ሌላስ?»

«ቅዳሜ ሙዚቃ እንሰማለን።»

«የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ።»

«የጥቁሮች ነው ጓድ። እንደ ለቅሶ ያለ ነው።»

ጓድ ፀሐዩ ትንሽ አየውና «ና» አለው። «ጓደኛህን ምከረው።»

መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ቸሩ በሁለት ክምር መሀል እጅና እግሩ በአንድነት ታስሮ፣ ከጉልበቱ ሥር በገባ እንጨት ቁልቁል ተሰቅሏል፤ ወፌ ላላ የሚሉት ነው። ውስጥ እግሩ ተገሽልጧል። መሬት የፈሰሰው ሰሊጥ ከደሙ ጋር ተቦክቶ ራስ ጸጉሩ ላይ ደርቋል። ገራፊው ጥግ ተቀምጦ በጣሳ ውሃ ይጠጣል።

ሰጠኝ ተንበረከከ። «ቸሩ።»

ያበጠው ዓይን በግድ ተከፈተ። ተገልብጦ ስለሚያይ ለመለየት ጊዜ ወሰደበት። «ሰጠኝ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ንገራቸው። የሚጠይቁህን ንገራቸውና ያውርዱህ። ምንም አይደል፣ ትሰማኛለህ? ምንም አይደል።» ከልቡ ነበር ያለው።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለ ቸሩ።

ጓድ ፀሐዩ ጎንበስ ብሎ ጠጋ አለ።

«ዘፈኑን ለውጠው። ይኸ ከቺንጋው ይብሳል።»

ገራፊው ሳያስበው ሳቀ፤ ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ጓድ ፀሐዩ ቺንጋውን ከወለሉ አንሥቶ ራሱ ቸሩን አፉ ላይ መታው። አንድ ጥርስ ሰሊጡ ውስጥ ወደቀ። ደግሞ መታው፣ ደግሞ፤ መነጽሩ ላይ ደም ተረጨና አውልቆ በኮቱ ጠረገው።

«ሂድ፣ ከፍ አድርገው» አለ ለሰጠኝ። «ዛሬ ወይ ይናገራል ወይ ይሞታል።»

ሰጠኝ ሄዶ ከፍ አደረገው። አንደኛው ቴፕ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛውን አስነሣ፤ ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል አንደኛውን። መሀል ላይ ምንም ቀዳዳ የለም። ቆርቆሮው ጀርባውን ሳያቋርጥ ይመታዋል። ከአኮርዲዮኑ ሥር፣ ከመለከቱ ሥር፣ አንድ ጊዜ የቸሩ ጩኸት መጣ፤ ከሆድ ተነሥቶ ጉሮሮ ላይ የሚሰበር። ሰጠኝ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ሲሰሙት መጥረቢያ ይዘው ሮጠውለታል።

በመስኮቱ ወደ ገበያው አየ። አያ ማተቤ ማሽላቸው ፊት ጀርባቸውን ለመጋዘኑ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሚዛኑን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ የሚመዘን ነገር ግን የለበትም። ማንም በቀጥታ ወደዚህ አያይም። ዙፋን ብቻዋን አጥሩ ሥር ተቀምጣለች። ሰጠኝ እንደዚያን ሰዓት አፍሮ አያውቅም። እነሱ አልሰሙም። የሰማው እሱ ነው፤ የሰማውም እሱ ያልሄደውም እሱ።

ተነሣና የሁለቱንም ቴፕ ሽቦ በአንድ እጁ ነቀለ።

ጸጥታው ገበያው ላይ ወደቀ። አህያ ሲያናፋ፣ ሞተሩ ሲንደቀደቅ ይሰማል። አንገቶች አንድ በአንድ ወደ መጋዘኑ ዞሩ። አሁን ይሰሙታል አለ ሰጠኝ በልቡ፤ እጁን ቆርቆሮው ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከማዶ ምንም አልመጣም። ገራፊው ዘፈኑ ሲጠፋ እንደ ለመደው ቺንጋውን አውርዶ ቆሟል። ቸሩም አይጮህም፤ ትንፋሹም አይሰማም። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሕግ ሲጠቀም የኖረው ሰጠኝ ሕጉን ረስቶት ነበር። ዘፈን በሌለበት አይገረፍም፤ ካልተገረፈም ጩኸት የለም።

ገበያው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አንዷ ሴት ወደ ቅቤዋ ዞረች። ሌላውም ዞረ።

«ማን ነው ያጠፋው?» አለ ጓድ ፀሐዩ ከማዶ። ጫማው ሲመጣ ይሰማል።

የአዋጅ ማስነገሪያው ማይክሮፎን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰጠኝ ቁልፉን አዞረው፤ ጡሩንባዎቹ አፏጩ። ማሩ የጓሮውን በር ከፍቶ ጠመንጃውን እንደያዘ የሰጠኝ እጅ ላይ ያለውን አየ።

«ሰጠኝ፣ ተው» አለ ቀስ ብሎ። «ባክህ ተው።»

ሰጠኝ በዘመኑ የሰውን ድምፅ ሲያስተልቅ ኖረ እንጂ የራሱን ድምፅ ከፍ ያደረገበትን ቀን አያስታውስም። ማይክሮፎኑን አፉ ላይ አድርጎ ከሆዱ ጮኸ።

«ኡኡ! ኡኡ! ያገር ሰው፣ ቸሩን ገደሉት፣ ድረሱለት!»

አራቱ ጡሩንባዎች ጩኸቱን ተቀብለው ከወንዙ ማዶ ድረስ ወረወሩት። የገበያው ሰው ባለበት ደረቀ። ከዚያ አያ ማተቤ ሚዛኑን መሬት አስቀምጠው፣ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ተክለው ተነሡ፤ ዱላቸውን ፈለጉ። ከቆዳ ተራ አንድ ሰው «ከወዴት ነው?» አለ፤ ሌላው ጠቆመው። ከሰሊጡ ጆንያ ላይ የጉልበት ሠራተኞቹ እየዘለሉ ወረዱ።

ጓድ ፀሐዩ በሩን በርግዶ ገባ። ቺንጋው የሰጠኝን ጉንጭ ከጆሮው እስከ ከንፈሩ ቀደደው። በጉልበቱ ወደቀ፤ ማይክሮፎኑን ግን አልለቀቀም።

«ማጉያውን ዝጋው!» አለ ጓድ ፀሐዩ ለማሩ። ማሩ አልተንቀሳቀሰም። ከውጭ የሩጫ ኮቴ እየቀረበ ነው። ጓድ ፀሐዩ የሰጠኝን ጸጉር ጨብጦ ፊቱን ወደ ላይ አቀናው፤ ሽጉጡን ግንባሩ ላይ አደረገ። «አንተ ውሻ፣ ማን አዘዘህ? ለሱ ምኑ ነህ አንተ?»

ሰጠኝ አፉ ውስጥ የሞላውን ደም ተፋ። ማይክሮፎኑን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ፤ አሁን ግን አልጮኸም።

«ያስጫንኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ።